ጢማሙ አደራ

ጋሽ ላቀው ውሻ ያሳድራሉ ብሎ የሚያስብ ሰው አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ አልነበረም። እኔ ራሴ ቤታቸው አንዲት ክፍል ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን፣ እንዲህ ባለ ሰፊ ግቢ ውሻ አለመኖሩ ገርሞኝ ብጠይቃቸው፣ ከእኔ ይበልጥ ማን ይጮኻል ብለሽ ነው ብለው አሳቁኝ። እውነታቸውን ነበር። የማንንም በር ጎንበስ ሳይሉ የማይገቡ ረጅም፣ ደንዳና፣ ቁጣቸው ከሩቅ የሚሰማ ሰው ናቸው። ጎልማሳ ሳሉ በቅሎ እየነዱ ከስማዳ ቆላ እስከ እስቴ ደጋ እህልና ጨው ሲያመላልሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው መለገም ሲጀምር በመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኝነት ተቀጠሩ። ባለቤታቸው እትዬ ታደለች ደግሞ ልጅ አይውለዱ እንጂ ቤታቸው ከሰው ተለይቶ አያውቅም። በሰፈሩ ዝክር ያለበት ሁሉ ጌሾውን እንኳ እሳቸውን ሳያማክር አይወቅጥም።

እኔ መሠረት እባላለሁ። የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ ማለቴ ነበርኩ፤ ትምህርት ቤቱ በጸጥታው ችግር ከተዘጋ ወዲህ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ስልኩም እንደዚያው። ወደ ቤተሰቦቼ ደብረ ታቦር መሄድ እችል ነበር፤ ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል ስል ቀረሁ። እንዲህ ሥራ ፈትቼ በሰው ግቢ ባልቀመጥ ኖሮ የምነግራችሁን ነገር ከሥር ከሥሩ ባላየሁት። ባላየሁትም ደስ ባለኝ።

ካምፑ ውስጥ ፊሊፕ የሚባል ፈረንጅ መሐንዲስ ነበር። ባልደረቦቹ ሲሄዱ ሲመጡ እሱ ግን ከአንድ ውሻ ጋር ብቻውን ይኖራል። ውሻ ስል የእኛን አገር ውሻ አታስቡ። ቁመቱ ከድመት ብዙም አይበልጥም፤ እግሩ አጭር ነው፤ ጸጉሩ እንደ ደረቀ የገብስ ገለባ ሻካራ። ከአፉ ግራና ቀኝ ጢም ተንዠርግጎ፣ ከዓይኑ በላይ ቅንድብ ተንጨፍርሮ፣ ሲያዩት የተቆጣ ሽማግሌ ይመስላል። ፊሊፕ ዘሩን ቴሪየር ይለዋል። በአገሩ ገበሬ ከጎተራው አይጥ፣ ከጉድጓድ ቀበሮ እንዲያወጣለት ብሎ ያራባው ዘር ነው አሉ። የእንግሊዝኛ ስምም ነበረው፤ ጋሽ ላቀው ግን ስሙ ምላሳቸው ላይ አልያዝ ስላለ «መከታ» አሉት። ያን የሚያህል ነገር መከታ ሲባል ካምፑ በሙሉ ሳቀ።

አንድ ቀን ሥራው በድንገት ቆመ። ጠዋት ወሬ የነበረው ለምሳ ሰዓት እውነት ሆነና ፈረንጆቹ በሙሉ በአስቸኳይ ይውጡ ተባለ። የሚወጡበት መኪና የሚጭነው ሰውና የእጅ ሻንጣ ብቻ ነው። ፊሊፕ ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ውሻውን አቅፎ ወደ ዘበኛው መጣ። የሚደረገውን ሁሉ በአስተርጓሚ ነገራቸው። ውጭ እንዳያድር፤ ብርዱም ጅቡም አይምረውም። ጸጉሩ በመቀስ አይቆረጥ፤ ሲረዝም በእጅ እየተቆነጠረ ይነጭ፤ አለበለዚያ ቆዳው ይታመማል። ጆሮው ይጠረግ። መሬት መቆፈር ጠባዩ ነውና አይመታ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እልኸኛ ነው፤ አልፈልግም ያለውን አንድ ጊዜ ከተዉለት ከዚያ በኋላ ጌታዎ እሱ ነው፤ እንዳይሸነፉለት አላቸው። ምግቡን በጆንያ ትቶላቸዋል። ጆንያው ሳያልቅ እመለሳለሁ የሚል ሐሳብ ስለነበረው ስለ ሌላ ምግብ ያነሳው ነገር የለም። በመጨረሻ አስተርጓሚውን ተወና፣ ከአማርኛ አጥርቶ የሚያውቃት አንድ ቃል ብቻ ነበረችና እሷን ተናገረ። «አደራ» አለ።

ጋሽ ላቀውን የያዘቻቸው ይቺ ቃል ናት። ፈረንጁ ክብደቷን ይወቅ አይወቅ እንጃ። ጋሽ ላቀው ግን በበቅሎ ነጂነት ዘመናቸው የሰው ጨው፣ የሰው ማር፣ የሰው ሙሽራ ሳይቀር ወንዝ አሻግረው ያደረሱ ሰው ናቸው። በዚህ አገር «አደራ በላ» መባል ሌባ ከመባል እንደሚብስ ለእሳቸው የሚነግር የለም። ውሻውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ከተማ ሲገቡ ሰው ከየቤቱ እየወጣ አያቸው። ፈረንጁ እስኪመለስ በሕይወት ላቆየው ቃል ገብቻለሁ አሉ ለእትዬ ታደለች። ከዚያ በላይ አላብራሩም።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ሳስታውስ አሁንም ሳልወድ ፈገግ እላለሁ። መከታ የሚፈራው ነገር አልነበረም። የጎረቤታችን የንጉሴ ውሻ ጥጃ ያክላል፤ ሰፈሩን በሙሉ አንቀጥቅጦ የሚገዛ ነው። መከታ በገባ በማግስቱ አጥሩ ሥር ተገናኙና ያ ሁሉ ውሻ ጅራቱን ቆልፎ ተመለሰ። የእትዬ ታደለችን የጎመን መደብ ፍልፈል ፍለጋ እስከ ሥሩ ገለበጠው። «ና» ሲባል አይቶ እንዳላየ ይሆናል፤ «ሂድ» ሲባል ይቀመጣል። ጋሽ ላቀው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደጃፍ ቁጭ ብለው፣ ያን የሚያህል ጣታቸውን እያሾሉ ጸጉሩን ሲነጩለት አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያይ ነበር። ዶሮው መቼ ነው የሚወጣው ይላቸዋል አንዱ፤ ለእኔም ጢሜን ይንጩልኝ ይላል ሌላው። ሰዉ እንዲህ ይሳቅ እንጂ፣ አይጥ ጎተራ ሲያስጨንቀው ያው ራሱ በትሕትና መጥቶ ውሻውን ይለምናል። መከታ የሰው ጎተራ ገብቶ ባዶ አፉን የወጣበት ቀን የለም። ያን ጊዜ ጋሽ ላቀው የሚኮሩትን ኩራት ወንድ ልጁን የዳረ አባት አይኮራውም።

ነገሩ የተበላሸው ውሻው ቤት ውስጥ ስለሚያድር ነው። የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ሰንበት መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ቆመው መስቀል ማሳለም ጀመሩ፤ ወደ ውስጥ አይገቡም። በኋላም ለእትዬ ታደለች፣ ልጄ፣ ውሻ ከሚተኛበት ቤት ገብቼ ጠበል አልረጭም ብለው በግልጽ ነገሯቸው። ጋሽ ላቀው ለማስማማት ሲሉ አንድ ሰሞን ማድ ቤት አሳደሩት፤ ጅብ ግን የጭቃውን ግድግዳ ሲቦረቡር አድሮ ጠዋት ቀዳዳው ክንድ ያስገባ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወለም ዘለም የለም፣ ውሻው ውስጥ ያድራል አሉ። እንዲህ እየተካረሩ ሳለ የሚካኤል ማኅበር ተራ እነሱ ላይ ደረሰ።

እትዬ ታደለች ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ሲለቀልቁ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያጥኑ ሰነበቱ። በዕለቱም መከታ እኔ ክፍል ተቆልፎበት እንዲውል ተስማማን። መምሬም በብዙ ልመና ገቡ። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ፣ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከዳቦው ጎን ተቀምጦ፣ ጸሎቱ ሊጀመር ነው። እኔ ውኃ ላመጣ በሬን ከፈት ሳደርግ በእግሮቼ መሐል ሾልኮ ወጣ። ብጠራው ይሰማኛል? ያን ቀን ደግሞ ግርግሩ ያስበረገጋት አይጥ ከምድጃው ሥር ወጥታ በእንግዳው መሐል ትሮጣለች። መከታ እሷን ብቻ ነው ያየው። በመምሬ ጉልበት ላይ ዘሎ፣ ጽዋውን ከነጨርቁ ገልብጦ፣ አይጧን ከዳቦው ጀርባ ያዛትና የሚገባውን ሥራ እንደሠራ ጭራውን እየቆላ ለጋሽ ላቀው እግራቸው ሥር አስቀመጠላቸው።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ማኅበርተኛው አንድ በአንድ እየተነሳ ጋቢውን እያራገፈ ወጣ። ጽዋውን የሚቀጥለው ተረኛ ሳይሆን መምሬ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ። ለእትዬ ታደለች ይህ ሞት ነው፤ የማኅበሩ ጽዋ ከቤታቸው ተነጥቆ ሲወጣ ቆመው አዩ። ያን ቀን ባላቸውን የተናገሩትን ቃል እኔም ግድግዳ ለግድግዳ ሰምቻለሁ።

«ፈረንጁ አይመለስም። ለማይመለስ ሰው ብለው እኔን ያስወጡኛል?»

ጋሽ ላቀው አደራ ነው፣ ምን ላድርግ አሉ። እትዬ ታደለች በማግስቱ መካነ ኢየሱስ ወንድማቸው ቤት ሄዱ። ለሰው ወንድሜን ልጠይቅ ብለው ነው የሄዱት፤ ግን ነጠላቸውን ሁሉ ይዘው ነበር። ጋሽ ላቀው እስከ አስፋልቱ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ ቀና ብለው አላዩኝም። ተናድጄባቸው ነበር፤ አልደብቅም። በእግዚአብሔር ስም፣ ይህቺን የምታህል ውሻ ለአንዱ ጎረቤት መስጠት ያቅታል? እንዲህ አልኳቸውም። አደራ ለሌላ ሰው አደራ አይሰጥም፣ አንቺ ልጅ ብለው በሩን ዘጉት።

የፈረንጁ ጆንያ ካለቀ ቆይቶ ነበር። እትዬ ታደለች እያጉረመረሙም ቢሆን ወተትና የዳቦ ቅርፊት ይሰጡት ነበርና ችግር አልነበረም። አሁን ግን ወጥ የሚሠሩት ጋሽ ላቀው ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ወጥ አንድ ነው፤ በበቅሎ መንገድ ላይ ሰፈር አድርገው የሚያቁላሉት ሽሮ። እሱንም ሽንኩርት ካልበዛበት ወጥ አይሉትም። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ወተት የለ፣ ሥጋ የለ፤ እንጀራውን በሽሮ አርሰው ግማሹን ለራሳቸው ግማሹን ለመከታ ያቀርባሉ። እኔ የምበላውን ነው የሚበላው፤ ፈረንጁ ሲመጣ አስርቦብኛል አይለኝም ይሉ ነበር። አንዳንድ ቀን እንደውም የተሻለው ፈንታ የእሱ ነው።

ሁዳዴው ሳይጋመስ መከታ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ መቆፈሩን ተወ። ቀጥሎ የንጉሴ ውሻ በደጅ ሲያልፍ ራሱን ቀና አድርጎ ብቻ አይቶ ተኛ። ጋሽ ላቀው ያን ቀን ነው የደነገጡት። ወደ ብርሃን አውጥተው ከንፈሩን ገልበው አሳዩኝ፤ ድዱ ነጭ ሆኗል። ሽንቱም ጠቁሮ ደም የተቀላቀለበት ይመስላል። ሲተነፍስ ጎኑ ቶሎ ቶሎ ይላል። ከብት የሚያክመው ባለሙያ መንገዱ ሳይዘጋ በፊት ወጥቶ አልተመለሰም። ስልኩን ይዘን በየማለዳው ኮረብታው ላይ እንወጣለን፤ እሳቸው ስልኩን ወደ ሰማይ አንስተው ይቆማሉ፤ ኔትወርክ የለም። ፊሊፕን አንድ ጊዜ ባገኘው፣ አንድ ቃል ብጠይቀው እያሉ እንወርዳለን። እኔም ለራሴ የምጠይቀው ሰው ጠፍቶኝ የከረምኩበት ጊዜ ነበር።

ያኔ የሚያውቁትን ማድረግ ጀመሩ። የሚያውቁት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን ነው። ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርት፣ ለሆድ ነጭ ሽንኩርት፣ ለወባ፣ ለቡዳ፣ ለምን ለምን ነጭ ሽንኩርት ነው። እሳቸው ራሳቸው በቆላ ንዳድ ታመው በነጭ ሽንኩርት ነው የተነሱት፤ በቅሏቸውን እንኳ አሽተው አድነዋታል። የአገሩን፣ ያቺን ደቃቃዋንና የምታቃጥለዋን መርጠው ይልጣሉ፣ ይወቅጣሉ፣ ከኑግ ዘይት ጋር ለውሰው ያድቦለቡላሉ። መከታ ያልተቀበላቸው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሽታው ሲደርሰው ፊቱን ያዞራል። ሲቀርብለት ጥርሱን ይነክሳል። በዚያ አቅሙ እየተጎተተ አልጋው ሥር ይገባል።

ጋሽ ላቀው ግን ጠባዩን ተነግሯቸዋል። እልኸኛ ነህ፣ ነግሮኛል፣ ለነፍስህ ነው ይሉታል። ጉልበታቸው መሐል አስገብተው፣ በአንድ እጃቸው መንጋጋውን በቀስታ ፈልቅቀው፣ በሌላው ድቡልቡሉን ጉሮሮው ላይ አድርገው፣ እስኪውጥ አፉን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ። ከዋጠ በኋላ ግንባሩን እየዳሰሱ ይቅርታ ይጠይቁታል። ይህን በየቀኑ አይቻለሁ። ያን ግዙፍ ሰው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ሳይ፣ ፊሊፕ የተባለውን ሰው ባላየውም ረገምኩት።

አንድ አርብ ግርግር ተፈርቶ ገበያው ሳይቆም ቀረ። ነጭ ሽንኩርቱም ቀዩም ከቤት አለቀ። ጋሽ ላቀው የሚያበስሉት ስላጡ ገብስ እየቆሉ፣ በሶ እየበጠበጡ ዋሉ፤ ለመከታም በሶና ንፍሮ ሰጡት። በዚያ ሳምንት ውሻው ትንሽ ቀና አለ። ደጅ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ። ዶሮ አባረረ፤ ቆሞ ቆሞ ቢሆንም አባረረ። ጋሽ ላቀው ሮጠው መጥተው በሬን ደበደቡ። እንደዚያ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቼ ነበር።

«መድኃኒቱ ሠራለት። አሁን ማጽናት ነው እንግዲህ።»

በሚቀጥለው አርብ ገበያው ሲቆም ከስማዳ በኩል ከመጡት ገበሬዎች ነጭ ሽንኩርት በጉንጉን ገዝተው፣ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የመጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋትም ማታም ሆነ።

መከታ የሞተው የሆሣዕና ሰሞን ፀሐይ ላይ ነው። ጋሽ ላቀው ደጃፍ ላይ ጋቢያቸው ውስጥ ይዘውት ተቀምጠዋል፤ እኔ አጠገባቸው ምስር እለቅማለሁ። ከግድግዳው ውስጥ አይጥ ስትቧጥጥ ተሰማ። ጆሮው ቀጥ አለ። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ለመነሳት ሞከረ፣ ግን አልሆነለትም። ጋሽ ላቀው ግድግዳውን በጡጫቸው መትተው አይጧን አባረሯት። ትንሽ ቆይተው ዝቅ ብለው ሲያዩት ሞቷል። በዚህ አገር የሞተ ውሻ እግሩን ታስሮ ተጎትቶ ገደል ይጣላል። እሳቸው ግን ቤቱ ጥግ ሥር በአካፋ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በጋቢያቸው ጠቅልለው ቀበሩት፤ ጅብ እንዳያወጣው ድንጋይ ጫኑበት። ንጉሴ በአጥሩ በኩል አይቶ ላቀው አበደ ብሎ አወራ።

ስልክ የመጣው ከፋሲካ በፊት ነው፤ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠራል ይባል ነበር። የጋሽ ላቀው ስልክ ጠራ። ፊሊፕ ነው። ካገሩ ሆኖ፣ ከሄደ ወዲህ በየሳምንቱ ሲሞክር ኖሯል። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው ሰጡኝና መሬት ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ እንደሞተ ንገሪው አሉኝ፤ አደራዬን አልጠበቅሁም በይው። ነገርኩት። ፊሊፕ በቀስታ እንዴት እንደታመመ ጠየቀኝ። ድዱን፣ ሽንቱን፣ አተነፋፈሱን ነገርኩት። ምን ይበላ እንደነበር ጠየቀኝ። ሽሮውን፣ ሽንኩርቱን፣ መድኃኒቱንም ነገርኩት።

የመለሰልኝን ስሰማ እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት። ጋሽ ላቀው ፊቴን እያዩ ነበር።

«ምን አለ? አንዲት ቃል እንዳታስቀሪብኝ።»

ሽንኩርት፣ ቀዩም ነጩም፣ ለውሻ መርዝ ነው ይላል አልኳቸው። ነጩ ደግሞ ይብሳል፤ ደሙን ያፈርሰዋል፤ ትንሽ ውሻ ሲሆን ቶሎ ይገድላል ይላል። ፊሊፕ አሁንም እያወራ ነው፤ ያን ቀን ሲቸኩል ሳይነግራቸው በመቅረቱ ጥፋቱ የእሱ እንደሆነ፣ የዕድሜ ልክ ወዳጁን እስከ መጨረሻው አቅፈው ስለያዙለት እንደሚያመሰግናቸው፣ ምንም እንዳያዝኑ። ሁሉንም ተረጎምኩ። ይቅር ብሎዎታል፣ እንዲያውም ይቅርታ ይጠይቅዎታል አልኳቸው። ጋሽ ላቀው እጃቸውን እያዩ ነበር።

«እኔን ይቅር የሚለኝ እሱ አይደለም። አልፈልግም ብሎ ጥርሱን ነክሶብኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የፈለቀቅሁት።»

ይህን እንድተረጉም አልፈቀዱልኝም። ብዙም ሳይቆይ መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያን ቀን ወዲያ የፈለጉት ነገር ቀኖና ብቻ ነው። ጾም ይሁን ስግደት ይሁን፣ አንድ የሚሸከሙት ቅጣት። መጀመሪያ መምሬ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄዱ። መምሬ ሳቁ፤ ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ ቀልድ መስሏቸው ነው። ስለ ውሻ ንስሐ የሚገባ ሰው አይተው አያውቁም። ይልቅስ እንኳን ቤትህ ነጻ፣ ታደለችን አስመጣት አሏቸው። ጋሽ ላቀው ግን መምሬ ባያውቁት ነው፣ መጽሐፉን የሚያውቅ ይኖራል ብለው የድጓ መምህራን ወዳሉባት ወደ ቤተ ልሔም ተነሱ። ብቻቸውን ልሰዳቸው ፈርቼ አብሬያቸው ሄድኩ።

አባ ይስሐቅ ዓይናቸው የደከመ፣ ብዙ ሊቃውንት ያወጡ መምህር ናቸው። ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው ዜማ ሲቀጽሉ፣ እሳቸው ከዋርካው ሥር ተቀምጠው የጋሽ ላቀውን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰሙ፤ አልሳቁም። ተቆጥተህ ነው ወይ አሏቸው። አይደለም። ልትጠቀምበት ነው ወይ። አይደለም። እንዲድን ብለህ ነው። እንዲድን ብዬ ነው አሉ ጋሽ ላቀው። አባ ይስሐቅ አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፣ ኃጢአት የለብህም። ለዚህ የሚሰጥ ቀኖና የለም፤ በሰላም ግባ።»

ጋሽ ላቀው እግራቸው ላይ ወደቁ። አባቴ፣ ጥቂት ስግደት ቢሆን እንኳ ይዘዙልኝ ብለው ለመኑ። የሌለ ኃጢአት እንዴት ልፍታ ልጄ አሏቸው፤ በመስቀላቸው ባርከው አነሷቸው። ደግ ሰው ናቸው፣ የሚችሉትን አደረጉ። እኔ ግን እንደዚያ ያለ ጨካኝ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ስንመለስ ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ አረፍን። ጋሽ ላቀው በጉዞው ሁሉ ለእኔ የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦

«ሰው ብገድል ይሻለኝ ነበር። ለሰው ሽማግሌ ይገባል፤ ደሙ ይታረቃል፤ ቄሱም ጾሙን ይሰጥሃል። መጨረሻ አለው።»

እንዲህ አይበሉ አልኳቸው።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እትዬ ታደለች ተመለሱ። ወሬው መካነ ኢየሱስ ድረስ ደርሷቸው ነው። ባላቸውን ሲያዩ ክሳታቸው አስደንግጧቸው አለቀሱ፤ ጾሙን አጥብቀውት ነው ብለው አመኑ። ቤቱ ተለቀለቀ፣ ጠበል ተረጨ፤ መምሬ ወልደ ሰንበት ጓዳ ድረስ ገቡ። ጎረቤቱ እንኳን ተገላገላችሁ እያለ ተመላለሰ። የሚካኤል ማኅበርተኛም ነገሩን ትቶ፣ ያለፈው ተራ ይካስልን ብሎ በእነሱ ቤት ተሰበሰበ። እትዬ ታደለች ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ የሚፈርድባቸውም የለም። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከዳቦው ጎን ተቀመጠ። ጋሽ ላቀው እንደ ባለቤትነታቸው ከመምሬ ቀጥሎ ተቀመጡ፤ እኔ በር አጠገብ ነበርኩ።

ጸሎቱ ሲያልቅ መምሬ ለቤቱ ረጅም ምርቃት መረቁ። ርኩሱን ያስወጣላችሁ አምላክ ዳግመኛ አያምጣባችሁ፤ ቤታችሁን እንዲህ እንደ ነጻ ያኑርላችሁ አሉ። ማኅበርተኛው በአንድ አፍ አሜን አለ። ከዚያ እንደ ልማዱ የባለቤቱን ለመስማት ሁሉም ወደ ጋሽ ላቀው ዞረ። አጎንብሰው ነበር። እትዬ ታደለች በክርናቸው ነካ አደረጓቸው። ጋሽ ላቀው ቀና ብለው መምሬን አዩና «አሜን» አሉ።